አንዴ ብቻ ጠየቀቻቸው

ሥርጉት መካነ ሰላም ገበያ ዳር ሳህንና ብርጭቆ፣ ብረት ድስትና ጀሪካን ትሸጣለች። ሱቋ ከመጥበቡ የተነሳ ገዢ ሲገባ እሷ መውጣት አለባት እያሉ የሚቀልዱባት አሉ። እሷም አብራ ትስቃለች። ጎጆ ልትወጣ ያለች ልጅ ሁሉ ግን የምታማክረው እሷን ነው። የምትፈልገውን ሳታውቅ መጥታ ያየችውን ሁሉ አንሺልኝ የምትል ሙሽራ ስታይ ደሟ ይፈላል። "ሂጂ፣ መጀመሪያ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አስቢ። ማን ይበላበታል? ማን ይመጣብሻል? እሱን ለይተሽ ነይ" ብላ ባዶ እጇን ትሸኛታለች። ገዢ የሚመልስ ነጋዴ ያየ ካለ ይናገር፤ ሥርጉት ግን እንዲህ ናት።

ስለዚህ የራሷን ቤት የምትገዛበት ጊዜ ሲመጣ ደላላ ፊት የምትንተባተብ ሴት አልነበረችም። የምትፈልገውን ቤት በሐሳቧ ሠርታ ከጨረሰችው ቆይታለች። ኪራይ ቤት ብዙ ያስተምራል። ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ተከራይታ ስትኖር፣ አከራይዋ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ብቻ ዓይናቸው ከተከራይ ላይ አይነሳም። ውሃ ስትቀዳ ቧንቧው ጋ ብቅ ይላሉ። ልብስ ስታሰጣ ገመዱ ሊበጠስ ነው ይላሉ። አምሽታ ስትመጣ የግቢው በር ተቀርቅሮ ይጠብቃታል፤ ለመክፈት የሚመጡት እያጉረመረሙ ነው። ሥርጉት አንዱንም አልመለሰችላቸውም፤ ሁሉንም በሆዷ ያዘች። የምትገዛው ቤት የራሱ ቧንቧ ይኖረዋል፤ የራሱ ሽንት ቤት፣ ሰው የማያይበት የልብስ ገመድ፣ ቁልፉ በእሷ እጅ ብቻ የሆነ በር ይኖረዋል። አጥሩ ደግሞ ከፍ ይላል፤ የማንም ዓይን እንዳይሻገረው።

ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ግን የእንግዳው ነገር ነበር። እንግዳ ይበዛባታል፤ የሚመጣውም በአባቷ ምክንያት ነው።

አባ ተክለ ሃይማኖት የገጠር ደብር ቄስ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ቆሞ መቀደሱ ሲቀር ሥርጉት አምጥታ ከእሷ ጋር አኖረቻቸው። ቅዳሴው ቢቀርም ቅስናው አልቀረም። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ይጠመጥማሉ፤ በምርኩዝ ተደግፈው ይወጡና መንገዱ ላይ ባለችው የጭቃ መደብ ይቀመጣሉ፤ የእጅ መስቀላቸውን ይዘው። ገበያተኛው ጎንበስ ብሎ ይሳለማል። ሙስሊሙ ቆም ብሎ "አባ፣ አማን አደሩ? ዱዓ ያድርጉልን" ይላቸዋል፤ እሳቸውም "አልሐምዱሊላህ፤ ያች ላምህ ወለደች?" ብለው ይጠይቁታል። የተጣላ ባልና ሚስት እዚያች መደብ ላይ ታርቆ ይሄዳል። ከየገጠሩ ለገበያ የሚወጡት የነፍስ ልጆቻቸው ሳይሳለሟቸው አያልፉም፤ ገብተው ውሃ ይጠጣሉ፤ አንዳንዱም ጉዳዩን ጨርሶ እስኪመለስ ጓዙን ጥሎ ይሄዳል።

አንድ ቀን አከራይዋ፣ አባ እየሰሙ፣ "ይኼ ቤት ደብር ሆነ እንዴ?" አሉ። አባ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። በማግስቱ ግን መደቧ ላይ ብዙ አልቆዩም፤ ብርዱ ባሰኝ ብለው ቶሎ ገቡ። ሥርጉት ያን ዕለት አልቅሳለች። አባቴን ማንም "እንግዳዎ በዛ" የማይልበት ቤት ካላስገባሁ ሰው አይደለሁም አለች። ቤት የመግዛቱ ነገር ቁርጥ የሆነው ያኔ ነው፤ አከራይዋ ልጄ ከጂዳ መጥቷልና ቤቱን ልቀቂልኝ ሲሏት እንኳ አልደነገጠችም፤ የፈለገችው መጣላት።

ደላላው አህመዲን ይባላል። አፉ ከእግሩ የሚፈጥን፣ ቤት ከማሳየቱ በፊት ቤቱን አወድሶ አወድሶ ሰውን የሚያስገዛ። ሥርጉት ግን አስቀመጠችውና የምትፈልገውን አንድ በአንድ ነገረችው። ቧንቧውን፣ አጥሩን፣ የሲሚንቶ ወለሉን፣ በሩን። ለአባቷም ሰፊ የእንግዳ ክፍል፣ ፀሐይ የሚገባበት።

"እትዬ ሥርጉት፣ ወላሂ እንዳንቺ የሚፈልገውን የሚያውቅ ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም" አላት። በዚህ ላይ አልዋሸም።

በመጀመሪያ ያሳያት ቤት ግን ከተነገረው አንዱንም የያዘ አልነበረም። መንገድ ዳር ያለ አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው ሰንጠቅ ብሏል፤ አጥሩ የእንጨት ሆኖ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፤ ውሃ የሚቀዳው ከጎረቤት ነው። ያለው ነገር መንገዱን ፊት ለፊት የሚያይ ሰፊ በረንዳ ብቻ ነው። ሥርጉት አባቷን በባጃጅ ይዛቸው መጥታ ነበር፤ እሷ ውስጡን ስታይ እሳቸውን በረንዳው ላይ አስቀመጠቻቸው።

ተበሳጭታ ስትወጣ አንዲት የማያውቋት ሴት ጎንበስ ብላ መስቀላቸውን እየተሳለመች አገኘቻት። ሁለት ሽማግሌዎች ደግሞ ቆመው ከየት መጡ እያሏቸው ነው። አባ ፊታቸው ፈክቷል።

"እንሂድ አባቴ" አለች።

"ምን አስቸኮለሽ" አሉ። ዞር ብለው ጣራውን አዩና "ያፈሳል?" ብለው ጠየቁ።

"አያፈስም አባ፣ ጣራውስ ደህና ነው" አለ አህመዲን።

"ጥሩ ነው" አሉ። ባጃጁ ውስጥ ሲገቡም አንገታቸውን መልሰው በረንዳውን አዩት።

ሁለተኛው ቤት ከከተማው በላይ፣ አዲስ በተመራው ሰፈር ነበር። የብሎኬት አጥር፣ ወፍራም የብረት በር፣ ግቢው ውስጥ ቧንቧ፣ የሚያንጸባርቅ የሲሚንቶ ወለል፣ ፀሐይ የሚገባበት የእንግዳ ክፍል። ሥርጉት በሐሳቧ የሠራችውን ቤት ሰው ቀድሟት የሠራው መሰላት። ከደስታዋ ብዛት ቧንቧውን ከፍታ እጇን ታጠበች፤ ብቅ የሚል አከራይ የለም።

ያን ዕለት ማታ ራት እየበሉ ጠየቀቻቸው። "አባቴ፣ የትኛው ይሻልዎታል?"

"እኔ ምን አለብኝ ልጄ" አሉ። "አንቺ የወደድሽው ነው።"

"እሺ" አለች ሥርጉት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እዚህ አገር ሰው ተጠይቆ በመጀመሪያው እሺ አይልም። ብላ ሲሉት አንጀቱ እየጮኸ "አሁን ነው የበላሁት" ይላል። እደር ሲሉት ጨለማው እያስፈራው "ኧረ እደርሳለሁ" ይላል። ጠያቂውም የሚለውን ያውቃል፤ "በሞቴ" ይላል፣ "አፈር ስሆን" ይላል፣ እጅ ይዞ ይጎትታል፤ ያኔ ሰውየው እየተግደረደረ ቁጭ ይልና የቀረበለትን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ውሸት የሚለው የለም። ወጉ ነው። የመጀመሪያውን "አይ" እንደ እውነት ተቀብሎ ገበታውን ያነሳ ሰው ግን ስሙ በገበያው ይነሳል። ሥርጉት ራሷ ለአንድ ስኒ ሻይ እንኳ ሰውን የምታስምል፣ እንግዳዋ ሦስቴ "በቃኝ" ካላላት ያልጠገበ የሚመስላት ሴት ናት። የገዛ አባቷን ግን አንዴ ጠየቀች፤ መልሱን እንደ ወረደ ተቀበለች። ለምን ቢሉ፣ መልሱ እሷ የፈለገችው ነበራ።

ውል ከመፈራረሟ በፊት ኢልሀም ሱቋ መጣች። ኢልሀም አጠገቧ ልብስ ትሰፋለች፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው። የቤቱን ወሬ ስትሰማ እልል አለችላት፤ ከዚያ "አባስ ምን አሉ?" አለቻት።

"አንቺ የወደድሽው አሉ።"

"እሱንማ ማን አጣው። ስንቴ ጠየቅሻቸው?"

ሥርጉት ሳቀች። "እንግዳ ናቸው እንዴ አባቴ? እኔን ይግደረደሩኛል?"

"አንቺንማ ነው የሚግደረደሩት፤ የሚያስቸግሩሽ እየመሰላቸው። በአላህ ይዤሻለሁ ሥርጉት፣ ዛሬ ማታ ደግመሽ ጠይቂያቸው።"

"እጠይቃቸዋለሁ" አለች። ከሰዓት በኋላ አህመዲን ሌላ ገዢ መጥቷል ብሎ ደወለ። ደላላ ሁሌም ሌላ ገዢ አለው፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ እሷም ታውቃለች። ግን ደነገጠች፤ ሄዳ ፈረመች። ማታ ለአባቷ ተፈረመ ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም ብድግ ለማለት እየሞከሩ መረቋት።

የገቡ ዕለት አባ ቤቱን ራሳቸው ባረኩት። በሰው ተደግፈው ከክፍል ክፍል እየዞሩ ጠበል ረጩ፤ ጸሎቱን አንድ ቃል ሳያጎድሉ አደረሱ። ሰው በልቶ ጠጥቶ መርቆ ሄደ። ከዚያ የብረቱ በር ተዘጋ።

በመጀመሪያው ሰሞን "እሰይ፣ ጸጥታው ደስ ይላል" ይሉ ነበር። ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ይቀመጣሉ። በሩ ሲንኳኳ "ማን ነው?" ይላሉ፤ ብዙ ጊዜ ነፋስ ነው። ሰፈሩ ዳገት ላይ ነው፤ ገበያተኛ አያልፍበትም፤ ያሉት ቤቶችም እንደነሱ የተዘጉ ናቸው። የነፍስ ልጆቻቸው አንድ ሁለቱ ጠይቀው ጠያይቀው መጡ፤ አጥሩን ሲያዩ ተሳቀቁ መሰለኝ፣ ደግመው አልመጡም። እሳቸው እንዳይወርዱ ጉልበቱ የለም። በባጃጅ ላውርድዎ ብትላቸው "ተዪ፣ ሥራሽን አትፍቺ" አሉ። ይህንንም አንዴ ነው የጠየቀቻቸው።

ማታ ከሱቅ ስትመለስ "ዛሬ ማን ማንን አገኘሽ?" ይሏታል። ደክሟት "ማንንም" ትላለች። ቀን ሙሉ ሕዝብ ስታስተናግድ ውላ ማንንም! እሷ እንኳ ስሙን የረሳችውን ሰው እሳቸው ከነቤተሰቡ ያውቁታል፤ እግዚአብሔር ይማረውና ያ የአህያ ነጋዴ ዳነ ወይ፣ የነእንትና ልጅ ተመለሰች ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እሷ ግን ወሬ ለማምጣት ጉልበት አልነበራትም። ቆይተው መጠየቁን ተዉት። ጥምጥሙንም መጠምጠም ተዉ፤ በሌሊት ቆባቸው ይውላሉ። ሥርጉት አየች። ብርዱ ነው አለች። የገባትን ነገር እንዳልገባት ማድረግ ትችልበታለች፤ ማንም ይችልበታል፣ ቤት ገዝቶ ከሆነ።

ስትወጣ በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፈዋለች። ሌባ ፈርታ ነው፤ ጎረቤቱን አታውቀው፣ አደራ የምትለው የላት። ምሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጣ፣ ውሃውን ቀድታ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ቁልፉ በእሷ እጅ ብቻ የሆነ ቤት ስትመኝ ኖራ የለ።

ንግሥቴ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ የአባ የነፍስ ልጅ። አባ በደብራቸው ሳሉ ገና ልጅ እግር ቄስ ሆነው ነው የተቀበሏት፤ ባሏን እሳቸው ቀብረውላታል፤ ልጆቿን እሳቸው አጥምቀውላታል። በዚያ ዓመት ታመመችና አልጋ ያዘች። ሕመሙ ሲብስባት "አባቴን ጥሩልኝ፣ ልናዘዝ" አለች። ልጇ ኪዳን በቅሎ ይዞ ገሰገሰ። በቅሎዋ ለአባ ናት፤ ደግፎ ሊያስቀምጣቸው፣ ቀስ አድርጎ ሊወስዳቸው። ገበያ ቀን ነበር። እየጠየቀ ዳገቱን ወጣና የብረቱን በር አገኘው። ጓጉንቸሩ ከውጭ ተንጠልጥሏል።

ከውጭ የተቆለፈ በር ያየ ሰው ውስጥ ሰው አለ ብሎ አያስብም። ቢሆንም "አባ!" እያለ አንኳኳ። አባ እሱንም የበቅሎዋንም ኮቴ ሰሙ። ድምፁንም ለዩት፤ የንግሥቴ ልጅ ነው፤ በቅሎ ይዞ የመጣው ለምን እንደሆነ ለመገመት ቄስ መሆን አያሻም። "አለሁ! ኪዳን፣ አለሁ!" አሉ። ድምፃቸው ከክፍሉ ወጥቶ ግቢውን ተሻግሮ ያን አጥር የሚያልፍ አልነበረም። ከወንበሩ ሊነሱ ሲሉ ምርኩዙ አዳለጣቸው፤ በዚያ በሚያንጸባርቅ ወለል ላይ ወደቁ። እየዳሁ የክፍሉ ደጅ ድረስ ደረሱ። ኪዳን ጮክ ብሎ "ሰው የለም" ሲል፣ በቅሎዋም ኮቴዋ ሲርቅ ሰሙ።

ኪዳን ከመንገዱ ያገኘውን ሌላ ቄስ ይዞ ሄደ። ሲደርሱ ንግሥቴ አርፋለች፤ አንዳንዱ ደግሞ ቄሱ ሲገባ ነፍሷ ገና አልወጣችም ነበር፣ አባቴ የሉም ሲሏት ነው ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ይላል። የትኛው እውነት እንደሆነ አባ አልጠየቁም።

ሥርጉት ማታ ስትመጣ ደጁ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው፤ ምሳው አልተነካም። ምን ሆኑ ስትላቸው ሁሉንም ነገሯት፤ የሰው ታሪክ እንደሚያወሩ ሆነው፣ አንድም የቁጣ ቃል ሳይጨምሩ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ጉልበታቸው ተልጦ ነበር፤ በሞቀ ውሃ እያጠበች ተንሰቀሰቀች። እሳቸው "ተዪ እንግዲህ፣ ምን አጠፋሽ" አሏት፤ እሷ ግን ምን እንዳጠፋች ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀችው።

በማግስቱ ሱቅ አልከፈተችም። አህመዲንን ይዛ ወደዚያ የመንገድ ዳር ቤት ወረደች። ይሸጥልኝ፣ የእኔን ልልቀቅ፣ የፈለጉትን ዋጋ ይበሉ ልትል። ቤቱን አብዱራህማን የሚባል የእህል ነጋዴ ገዝቶታል። በረንዳውን በቆርቆሮ ዘግቶ ጤፍ ሞልቶበታል። ሰውየው ደግ ነው፤ ጉዳዩን ሲሰማ "ለአባ ቢሆን እንኳን በረንዳ ራሴን ብሰጥ፤ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ እኮ፤ አሁን ይህን ሁሉ እህል የት አደርሰዋለሁ" አላት። ኢልሀም አብራት ነበረች። "ብዬሽ ነበር" አለማለቷ ከማለቷ የባሰ ሥርጉትን አቃጠላት።

ማታ አባቷ እግር ሥር ቁጭ አለች።

"አባቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ዓይነት ቤት ነበር የፈለጉት?"

"ይኼው ቤት ምን አነሰው።"

"በሞቴ።"

"ኧረ ተዪ።"

"አፈር ስሆን አባቴ። በእናቴ አጥንት፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ። ያን ዕለት ደግሜ ብጠይቅዎ ምን ይሉኝ ነበር?"

አባ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ።

"ልጄ፣ ቤቱን ባርኬዋለሁ" አሉ። "በጸሎት የባረክሁትን ቤት ሌላ ነበር የምፈልገው ብዬ አላማውም። አትጠይቂኝ።"

ሥርጉት የሰውን "አይ" ስትሰማ ነው ያደገችው፤ የወጉን ከእውነተኛው ለይታ ታውቃለች። ይህኛው መግደርደር አልነበረም። ሺህ ጊዜ ብትምል፣ እግራቸው ላይ ብትደፋ የማይከፈት ነበር። መልሱ የነበረው ለዚያች ለአንዲት ምሽት ነው፤ ያኔ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፣ አንዴ "በሞቴ" ብትል ይወድቅ ነበር።

ጠዋት ወንበራቸውን ተሸክማ ከብረቱ በር ውጭ፣ መንገዱ ላይ አደረገችላቸው። ደግፋ አወጣቻቸው። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው፤ እሷም ደፉ ላይ ተቀመጠች። መስቀላቸውን ይዘው ጠበቁ። አንድ ባጃጅ አቧራ አንስቶ አለፈ። ከዚያ ማንም አልመጣም። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ ከታች የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ ዳገቱን የወጣ ሰው አልነበረም። አባ ግን እጃቸውን አላጠፉም።

ሥርጉት ከዚህ በላይ ማየት አልቻለችም። ተነሳችና ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከመንገድ እንደመጣ ሰው ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች። አባ ግንባሯንና ከንፈሯን አስነኳት።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ፤ ለማንኛዋም አላፊ እንደሚሉት።

ቀና አላለችም፤ እዚያው እንዳጎነበሰች አለቀሰች።